የእንግዳ ኩባያ

እንግዳ ክቡር ነው ይላሉ። ይበሉ! አፍ ዳገት አይፈራም። ክብሩን የሚያውቀው ግን እንግዳው ራሱ ነው፤ ለአንድ ቀን ሳይሆን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆኖ የኖረ ሰው ካለ እሱ ይጠየቅ። ይቺ ታሪኳን የምነግራችሁ ሴት ኖራዋለች። ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ስትሠራ ሁሉም «እንግዳዬ» እያሉ ነው የሚጠሯት። «እንግዳዬ፣ እስቲ ያንን ኮሌታ አቀብዪን።» «እንግዳዬ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል፣ ፀጥ አልሽሳ!» ስድብ አልነበረም፣ እሱ ነው ነገሩን ያከፋው። ስድብ ቢሆን መልስ ይሰጡታል፤ እንዲህ አሞላቅቆ ለሚጠራ ሰው ምን ተብሎ ይመለሳል? ስሟን መጀመሪያ በገባች ቀን ነግራቸው ነበር። «ውይ፣ ይከብዳል!» ብለው ሳቁና እዚያው ተዉት።

ስፌት ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው፣ ቆራጯ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ ታሰምራለች፣ በትልቁ መቀስ ትቆርጣለች። ቆራጯ ከሁሉም ቀድማ የገባች፣ ድምፀ ወፍራም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። በኋለኛው ክፍል የስፌት መኪኖቹ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ሲንጣጡ ይውላሉ፤ ወለሉ ላይ የወደቀው የክር ቁርጥራጭ እግር ይጠልፋል። ከመኪኖቹ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ሚስማሮች ተመትተዋል። በእያንዳንዱ ሚስማር የአንዲት ሠራተኛ የሻይ ኩባያ ተንጠልጥሏል። የቆራጯ ቢጫ ነው። የቁልፍ ሰፊዋ ጆሮው ተሰብሮ በክር የተጠመጠመ ነው። ሻይ ሲደርስ እያንዳንዷ የራሷን አውርዳ ትቀዳለች፣ ጠጥታም አለቅልቃ መልሳ ትሰቅላለች።

ሚስማር የሌለው ኩባያ አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ጥግ የሚቀመጥ፣ አፉ የተሸረፈ ነጭ ኩባያ። ክር የሚያመጣው ነጋዴ ሲመጣ፣ ልክ ሊሰጥ የመጣ ሰው ሲቆይ በእሱ ይጠጣል። የእንግዳ ኩባያ ነው። እሷም በእሱ ነው የምትጠጣው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰጧት፣ በዚያው ቀረች። ክር ነጋዴው በመጣ ቀን እሱ ጠጥቶ፣ ወሬውንም ጨርሶ እስኪነሳ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሰውየው ደግሞ ወሬ ሲወድ!

አገሯን የለቀቀችው ወዳ አይደለም። ሰፈሯ በተቃጠለ ቀን ባሏ «አንቺ ልጅቷን ይዘሽ ቅደሚ፣ እኔ እናቴን አዝዬ እደርስብሻለሁ» አላት። አልደረሰም። ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ድንበር ተሻገረች፤ መጠለያ ገባች፤ ሸራ ሥር ዝናብም ፀሐይም ተፈራረቁባት። አንድ ቀን እትዬ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ኮሌታ የምትሰፋ ሰው ፍለጋ መጠለያው ድረስ መጡ። እጇን አዩ፣ አሰፏት፣ ይዘዋት ከተማ ገቡ። ለዚህ ውለታቸው እስከ ዛሬ ትመርቃቸዋለች።

የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ነው። ከመጠለያ ወጥቶ ከተማ የሚኖር ስደተኛ አሠሪ ሊኖረው ይገባል። አሠሪው በየዓመቱ ፈቃድ ቢሮ በአካል ቀርቦ «ይህች ሰው ከእኔ ጋር ናት» ይላል። ካላለ ተመልሶ ወደ ሸራው ነው። ልጅ አለኝ፣ ልጄ ትማራለች ቢሉ ማን ሰምቶ! እትዬ በየዓመቱ ቀርበው ብለዋል። ስሟን በደንብ አድርገው የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እሱም በዓመት አንድ ቀን፣ ቢሮ ውስጥ።

ልጅቷ ገና ትንሽ ተማሪ ሳለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የቆርቆሮ ኩባያ ይዛ መጣች። ሰማያዊ ቀለም ቀብታዋለች፣ በላዩም ወፍ ስላበታለች። ወፏ ዶሮ ትመስላለች። «እማዬ፣ ሥራ ቦታሽ የምትጠጪበት ነው» አለቻት። እናት በሻርፕ ጠቅልላ ወሰደችው። ወሰደችና ምን አደረገች? ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣ አንድ ሰው «ነይ፣ እዚህ ጋ ስቀዪው» እስኪላት ጠበቀች። እሷ ባደገችበት፣ በሰው ግድግዳ ሚስማር የሚመታ ወይ ቤቱን ወርሷል ወይ ሊወርስ ነው። እንግዳ ሰው ባለቤቱ «ይኸው ቦታሽ» ብሎ ራሱ ካልመታላት በስተቀር ኮቷን እንኳ አጥፋ ጭኗ ላይ ይዛ ትቀመጣለች። ነውር ነው! ስለዚህ ጠበቀች። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ መጨረሻ ላይ ኩባያውን ከአልጋው ሥር ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ ኩባያዬ የት ተሰቀለ?» ትላለች ልጅት።

«ከእትዬ ኩባያ አጠገብ።»

«ወፏን ምን አሉ?»

«ዶሮ ናት ብለው ሳቁ።»

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ቀለብ ይፈልጋል፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ስለዚያች ዶሮ ያልተባለ ቀልድ የለም። ልጅቷም ለጓደኞቿ «እናቴ ሥራ ቦታ ያለ እሷ ሻይ አይጠጣም» ትላለች።

አምና ቁልፍ ሰፊዋ ገባች። የዚያው ከተማ ልጅ ናት፤ ክፋት የላትም፣ ወሬ ትወዳለች። ገብታ ወር እንኳ ሳይሞላት አንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ አዲስ ሚስማር፣ በሚስማሩም ላይ የእሷ ኩባያ ታየ። ማን እንደመታላት እንግዳዬ አላየችም። እኔ እዚህ ቤት ዓይኔ እስኪጠፋ ኮሌታ ስሰፋ ለእኔ ያልተመታ ለእሷ ተመታ አለች በሆዷ። ቆሽቷ አረረ። ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው። ዝም እንደሆነ ይነቅዛል፣ ሆድ ውስጥ ነው የሚነቅዘው፤ ይህን ያለው ሰው ዝም ብሎ አያውቅም ማለት ነው።

ዘንድሮ እትዬ ወገባቸው እምቢ አለና ሩቅ ያለው ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ሆነ። ደግ ናቸውና መኪኖቹን ለሠራተኞቹ ተዉላቸው፤ «በጋራ ያዙት፣ ተስማሙ» ብለው መርቀው ሄዱ። ቤቱ የኪራይ ስለነበር ሴቶቹ ከገበያው ማዶ ሌላ ቤት ያዙ። ዕቃ ሲጫን ቆራጯ ጉጠት ይዛ ግድግዳው ጋ ቆመች።

«እንግዲህ ሚስማር ያላችሁ ሚስማራችሁን ንቀሉ። አዲሱ ቤት ስንገባ እንመታዋለን። ሚስማር ያለው ሁሉ የቤቱ ባለቤት ነው!» አለች፤ እልል ተባለ።

ጉጠቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እንግዳዬ ጋ ሲደርስ አለፋት።

«እኔስ?» አለች።

ቆራጯ ትከሻዋን አቀፍ አደረገቻት። «አንቺማ፣ እንግዳዬ፣ ልባችን አንቺ ጋ ነው። ግን የአንቺ ሐሳብ አገርሽ መግባት አይደል? ሽርክና ውስጥ አስገብተን ብናስርሽ፣ ነገ አገርሽ ሰላም ሲሆን በምን ትሄጃለሽ? ለአንቺ ብለን እኮ ነው!»

«ፈቃዴስ? የሚታደሰው እኮ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እትዬ የሉም።»

«አንቺን የመሰለች ባለሙያ አሠሪ ታጣለች? አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል።»

ለአንቺ ብለን! የሰውን እንጀራ ከአፉ ነጥቀው «ሆድህን እንዳያምህ ብለን ነው» እንደማለት። እና እሷ ምን አለች? «እሺ» አለች። እሺ! አያናድድም? ከአገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ፤ እሷም እንደለመደችው አንገቷን ደፍታ ክሮቹን በየቀለማቸው ስትለይ ዋለች።

ቤቷ ስትገባ ልጅቷ እያጠናች ነው። የመጨረሻው ክፍል ደርሳለች፤ ፈተናው ቀርቧል። እናት ተቀመጠችና ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ሚስማሩን ብቻ ዘለለችው። እትዬ ሄደዋል፣ ሌሎቹ አልወሰዱኝም፣ ሌላ አሠሪ በሳምንት ካልተገኘ ወደ መጠለያው መመለስ ሊመጣ ይችላል አለች። ልጅቷ ብድግ ብላ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። «እንግዲያ እንጠቅልላ! ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለች በቁጣ ልብሱን ስታወጣ፣ ከታች ሻርፑ ወጣ፤ ከሻርፑ ውስጥም ሰማያዊው ኩባያ።

ልጅቷ ኩባያውን አንስታ አገላበጠችው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ልጄ…»

«እትዬ አጠገብ ነው የተሰቀለው ብለሽ አልነበር? ያ ሁሉ የዶሮ ሳቅ?»

«ሚስማር አልሰጡኝም» አለች እናት።

«ማነው ሚስማር የሚሰጠው?» ልጅቷ ጮኸች። «ሚስማር አይሰጥም እኮ እማዬ! እዚህ አገር ሰው ሚስማሩን ከቤቱ ይዞ ሄዶ ራሱ ነው የሚመታው። እኛ ትምህርት ቤት እንኳ የኮት መስቀያችንን የምንመታው ራሳችን ነን። መታሽ ማለት ልኖር ነው ማለት ነው። ካልመታሽ መሄድ ትፈልጋለች ብለው ይተዉሻል፣ አይጠይቁሽም፤ መጠየቅ እንደ መጫን ነው። ይሄን የማያውቅ አለ?»

«አንቺን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አውቀዋለሁ።» ልጅቷ ኩባያውን አልጋው ላይ ወረወረችው። «አንድ ቀን እውነቱን ብትነግሪኝ እነግርሽ ነበር! እኔ መጠለያ አልሄድም። እዚያ ማንን አውቃለሁ? ያንቺን ቋንቋ እንኳ እየተኮላተፍኩ ነው የማወራው። አንቺ እንግዳ ነሽ። እኔ ግን አይደለሁም።»

ያቺ ቃል ከቆራጯ አፍ ስትወጣ ለዓመታት ቆዳ ላይ ነበር የምትቀረው። ከልጇ አፍ ስትወጣ አጥንቷን ነካቻት። እናት ኩባያውን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ አንዴ ጠርጋ አልበቃትም፣ ደግማ ፈተገችው። ሐዘን እንዳይመስላችሁ። ንዴት ነው። በራሷ ነደደች፣ በልጇ ነደደች፤ ከሁሉም በላይ ግን በእነዚያ ሁሉን እያወቁ በነጩ ኩባያ ስትጠጣ ዝም ብለው ባዩዋት ሴቶች ነደደች።

በማግስቱ ስፌት ቤቱ ግማሹ ተጭኖ ግማሹ ቀርቷል። የግድግዳው ሚስማሮች ተነቅለው ቀዳዳቸው ብቻ ይታያል። ሻይ ደረሰ፤ ሁሉም ኩባያቸውን ከየቦርሳቸው አወጡ፤ ቁልፍ ሰፊዋ ለእሷ በነጩ ቀድታ አቀረበችላት። እንግዳዬ አልተቀበለችም። ቆራጯን አየቻት።

«ልጄን፣ ሰው ሚስማሩን ራሱ እንደሚመታ ማን ነገራት?»

ቆራጯ ሳቀች። «ማን ይነግራታል? የእኛው ልጅ አይደለች? ታውቀዋለች እንጂ።»

«እሷ ሳይነገራት አወቀች። እኔ ሳይነገረኝ ተፈረደብኝ።»

«ኧረ እንግዳዬ፣ ምን ነካሽ ዛሬ? መቼ ጠይቀሽን እምቢ አልን?»

«እናንተስ መቼ ጠየቃችሁኝ?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። «ክር ነጋዴው ጠጥቶ እስኪጨርስ በር ላይ ስገተር ያየኝ የለም? ዓይን አልፈጠረባችሁም? በእኔ አገር በሰው ግድግዳ ሚስማር መምታት ነውር ነው። በእናንተ አገር አለመምታት ልሂድ ማለት ነው። አላወቅሁም፤ ካላችሁ ጥፋቴ ይሁን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን አንዳችሁ፣ አንድ ቀን፣ ‘አንቺ፣ ለምን አትሰቅዪም?’ ማለት እንዴት ይከብዳችኋል? ይሄ ሁሉ ወሬ የሚወጣበት አፍ ይቺን አንዲት ቃል አጣት?»

«እኛ እኮ ልንጫንሽ አልፈለግንም…»

«ባልተጫናችሁኝ ጊዜ ነው የጫናችሁኝ! እናቶቻችሁ ሲሞቱ አብሬ ቀብሬያለሁ። የልጆቻችሁን ቀሚስ በነፃ ሰፍቻለሁ። ‘አገርሽ መቼ ትገቢያለሽ?’ ስትሉኝ አስበውልኝ ነው ብዬ መረቅኋችሁ። የቱ አገር? ቤቴ አመድ ነው፣ ባሌ የት እንደወደቀ አላውቅም። ልጄ የእናንተን ዘፈን እየዘፈነች አደገች። የት ነው የምገባው? ንገሩኛ! መንገዱን የምታውቁት ከሆነ አሳዩኝ!»

ቁልፍ ሰፊዋ ሻዩን እንደያዘች አለቀሰች። ቆራጯ ግን ፊቷ ጠቆረ። «እንዲህ ያለ ምላስ እንዳለሽ አናውቅም ነበር» አለች።

«አሁን እወቂው። እንግዳ አይሳደብም። ቤተኛ ነው የሚሳደበው።»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉት ለካ እውነት ነው። ቆራጯ ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ መዶሻ አንስታ ዘረጋችላት። «በቃ፣ እንኪ! አዲሱ ቤት ሄደሽ የፈለግሽበት ምቺ። ማን ከለከለሽ!»

«አልመታም» አለች። «እኔ በወጌ ጠብቄያችኋለሁ። አሁን ደግሞ በእኔ ወግ አንቺ ትመቺልኛለሽ።»

አዲሱ ቤት ሲገቡ ሁሉም ሚስማራቸውን መትተው አበቁ፤ እሷ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ቆራጯ እያጉረመረመች መዶሻውን አነሳች። የመጀመሪያው ሚስማር ተጣመመ። ሁለተኛውን ስትመታ ጣቷን መታች፣ ተራገመች። አንዳቸውም አልሳቁም። ሦስተኛው ገባ። እንግዳዬ ሰማያዊውን ኩባያ ከሻርፑ ፈታ ሰቀለችው፤ ከዚያ ነጩን ከሳጥን አውጥታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ሲሰበር ሁሉም ሰሙት።

«ውይ! እንግዳ ቢመጣስ?» አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

«የሚመጣ ሰው ወጉ በመጣበት ቀን ይነገረው።»

እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላችኋል። እሷም እንደዚያ መስሏት ነበር። የፈቃዱ ቀን ደረሰና ቆራጯ በአሠሪ ቦታ ተጠሪ ሆና አብራት ሄደች፤ ልጅቷም ተከተለቻቸው። ከእናቷ ጋር ከዚያ ቀን ወዲህ በቅጡ አልተነጋገሩም። ሰልፉ ረጅም ነው። ተራቸው ሲደርስ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ተጠሪ ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ቆራጯ ደረቷን ነፍታ። «ይህች ሰው ከእኛ ጋር ናት። የቤታችን ሰው ናት።»

«ስሟን ተናገሪ።»

ቆራጯ አፏን ከፈተች። «እንግ…» አለችና ቆመች። ከፈተች፣ ዘጋች። ሰውዬው አሁን ቀና አለ።

«ስንት ዓመት ሆናት ከእናንተ ጋር?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት አብረሻት ሠርተሽ ስሟን አታውቂም?» ማኅተሙን ወደ ጎን ገፋው። «ለማታውቂው ሰው ነው እንዴ የምትመሰክሪው? ቀጣይ!»

ከኋላ ያለው ሰልፍ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ የእናቷን ክንድ ያዘች። «እማዬ፣ ንገሪያት! በጆሮዋ ንገሪያት፣ ምን ሆነሻል?» አለች። እናት ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። በጆሮ መንገር ቀላል ነበር፤ ዕድሜዋን ሁሉ ለሰው ስታቀል ኖራለች። መጠለያው፣ ሸራው፣ የልጇ ፈተና፣ ሁሉም ፊቷ ድቅን አሉባት። ግን አልተነፈሰችም። ቆራጯን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

ቆራጯ ላቧን ጠረገች። ዞረች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያ ወፍራም ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «እህቴ… ስምሽ ማነው?» አለች።

ነገረቻት። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም፣ ጮክ ብላ፣ ሰልፉ በሙሉ እስኪሰማ። ቆራጯ ደገመችው፣ ተሳሳተች።

«እንደዚያ አይደለም» አለች እናት። «እንደገና።»

ልጅቷ የእናቷን ክንድ አልለቀቀችም። ቆራጯ እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ተሳሳተች፣ እንደገና ታረመች። ሰውዬው ማኅተሙን የመታው አስተካክላ ከጠራችው በኋላ ነው።